የቻርጀሩ ራስ መኪናችሁ ላይ አልገባ ሲል፦ የአዳፕተር አመራረጥና አጠቃቀም

ሁለት ፎልክስቫገን አይዲ 4 የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ነጭ ናቸው። አንደኛው ቻርጅ እያደረገ ነው። የሌላኛው ባለቤት ወፍራሙን ገመድ አቅፎ ከመኪናው ጋር ይታገላል። አዞረው፣ ገፋው፣ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት አየው። አልገባም። የጣቢያው ልጅ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጋሼ፣ የእርስዎ የአውሮፓ ነው፤ እዚህ አይሠራም» አለው።

ባለቤቱ እኔ ነኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል፤ ባትሪዬ 9 በመቶ ላይ ነው።

ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ቀዳዳው ግን ሌላ። የጎረቤቴ መኪና ለቻይና ገበያ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የኔ ለአውሮፓ። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ነው። የመጡበት አገር ግን የተለያየ ነው። አብዛኞቹ ከቻይና ናቸው፣ የተወሰኑት ከአውሮፓ፣ አልፎ አልፎም ከአሜሪካ። ስለዚህ «የኔ ቢዋይዲ ነው»፣ «የኔ ቶዮታ ነው» ማለት ቻርጀር ፍለጋ ላይ ብዙ አይረዳም። የሚረዳው መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ማወቅ ነው። እሱን ካወቃችሁ፣ ልክ የሆነ አዳፕተር ይዛችሁ የሌላ መኪና ቻርጀር ላይ መጠቀም ይቻላል።

መጀመሪያ የራሳችሁን ቀዳዳ እወቁ

በቀን ብርሃን የቻርጅ ክዳኑን ክፈቱና በደንብ እዩ።

ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ካሉ፣ አንዱ ትልቅ ሌላው አነስ ያለ፣ መኪናችሁ በቻይናው ደረጃ የተሠራ ነው። ጂቢቲ ይባላል። ትልቁ ዘጠኝ እግር አለው፤ ለፈጣኑ የዲሲ ቻርጅ ነው። አነስ ያለው ሰባት ጉድጓድ አለው፤ እሱ ለኤሲ፣ ማለትም ቤት ውስጥ ለምታደርጉት ቀስ ያለ ቻርጅ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ሁለቱ በአንድ ክዳን ሥር ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ነው። አይዲ 6 የያዘ ሰው ብዙ መመራመር የለበትም፤ ያ ሞዴል ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ጂቢቲ ነው።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ፣ ከላይ ሰባት እግር ያለው ክብ፣ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ጉድጓዶች፣ እሱ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው። የላይኛው ክብ ለብቻው ታይፕ 2 ይባላል፤ ለኤሲ የሚያገለግለው እሱ ነው። ከላይ አምስት እግር ብቻ ካለ ደግሞ የአሜሪካው ሲሲኤስ 1 ነው።

ቴስላ ለብቻው ራስ ምታት ነው። አሜሪካ የተሸጠው የራሱ ቀጭን ቀዳዳ አለው፤ ኤሲም ዲሲም በዚያው ይገባል። ለአውሮፓ የተሠራው ሞዴል 3 ሲሲኤስ 2 ነው። የቻይናው ጂቢቲ ነው። አሮጌ ኒሳን ሊፍ የያዛችሁም አትሳሳቱ። ሊፍም ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ትልቁ ግን ቻዴሞ የሚባለው የጃፓኑ ነው እንጂ ጂቢቲ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። የጂቢቲ ኤሲና የአውሮፓው ታይፕ 2 ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ሰባት። ልዩነቱ የሚታየው ጠጋ ሲባል ነው። የታይፕ 2 መኪና ቀዳዳ ውስጥ ስታዩ የቆሙ እግሮች ታያላችሁ። የጂቢቲ መኪና ላይ ግን ጉድጓዶች ናቸው፤ እግሮቹ ያሉት ገመዱ ላይ ነው። በግድ የሚገፋ ሰው እግሩን ያጣምማል። እኔ ያን ምሽት ምንም ሳልሰብር የተረፍኩት በዕድል ነው።

«ከዱባይ ነው የመጣው» የሚለው መረጃም በቂ አይደለም። ዱባይ በሕጋዊ አከፋፋይ የሚሸጠው መኪና በአብዛኛው የአውሮፓው ቀዳዳ ያለው ነው፤ ከቻይና በቀጥታ እየገባ የሚሸጠው ደግሞ ጂቢቲ ነው። ሻጩ የሚላችሁን ትታችሁ ቀዳዳውን ፎቶ አንሱት። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ሱቅ ስትሄዱም፣ ጣቢያ ደውላችሁ ስትጠይቁም ያስፈልጋችኋል።

ኤሲ ነው ወይስ ዲሲ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ አዳፕተር መግዛት ገንዘብ መወርወር ነው። ምክንያቱም የኤሲ አዳፕተርና የዲሲ አዳፕተር ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

የኤሲ አዳፕተር በአጭሩ ብረትና ፕላስቲክ ነው። ውስጡ እግሮች፣ አጭር ሽቦና ሬዚስተር ቢኖረው ነው። መብራቱ ከግድግዳው ይመጣል፣ በአዳፕተሩ ያልፋል፣ መኪናው ውስጥ ያለው የራሱ ቻርጀር ወደ ዲሲ ቀይሮ ባትሪውን ይሞላበታል። ጂቢቲና ታይፕ 2 በኤሲ በኩል የሚነጋገሩበት ምልክት በጣም ስለሚቀራረብ አስተርጓሚ አይፈልጉም። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው።

ዲሲ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጣቢያው ራሱ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካል። ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር፣ መቼ ይቁም፣ ባትሪው ሞቋል ወይ፣ ይህን ሁሉ መኪናውና ጣቢያው በየቅጽበቱ ይነጋገሩበታል። ችግሩ ቋንቋቸው ይለያያል። ጂቢቲ የሚነጋገረው ካን በሚባለው የመረጃ መስመር ነው፤ መኪና ውስጥ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ዓይነት ነው። ሲሲኤስ ደግሞ መልእክቱን በመቆጣጠሪያው ሽቦ ላይ በከፍተኛ ድግግሞሽ ጭኖ ይልካል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባው አዳፕተር ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። አስተርጓሚ ነው። ለጣቢያው መኪና መስሎ ይቀርባል፣ ለመኪናው ጣቢያ መስሎ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው «የዲሲ አዳፕተር ለምን የራሱ ባትሪ ኖረው?» ይላል። የጂቢቲ ጣቢያ መኪናውን ለመቀስቀስ በገመዱ በኩል 12 ቮልት ይልካል። የሲሲኤስ ጣቢያ አይልክም። ስለዚህ የጂቢቲ መኪና ሲሲኤስ 2 ጣቢያ ላይ ሲሰካ ያን 12 ቮልት መስጠት ያለበት አዳፕተሩ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ የምታገለግለው ለዚህ ነው። የመኪና ኮፈን ውስጥ ሦስት ወር ተረስታ ከቆየች አልቃ ትጠብቃችኋለች። እንደ ስልክ አልፎ አልፎ ቻርጅ አድርጓት።

ስትገዙ

አቅጣጫ። ከሁሉም በላይ አቅጣጫ።

ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ሱቅ ሄድኩ። «ጂቢቲና ሲሲኤስ 2 የሚያገናኝ ዲሲ አዳፕተር አለ?» አልኩ። «አለ» አሉኝ። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ስም ተጽፏል። ከፈልኩ፤ ዋጋውን ቤት ውስጥ እስካሁን በትክክል አልተናገርኩም። ጣቢያ ስደርስ የአዳፕተሩ ራስና የቻርጀሩ ራስ አንድ ዓይነት ሆነው ተፋጠጡ። የገዛሁት ለሲሲኤስ 2 ጣቢያና ለጂቢቲ መኪና የተሠራው ነበር። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ጣቢያው ጂቢቲ፣ መኪናው ሲሲኤስ 2። ሱቁ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ።

በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጻፈው የጣቢያው ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ የመኪናው። ግን ሁሉም ሻጭ በዚህ አይሄድም። ስለዚህ በስም አትግዙ። ሁለት ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፦ የመኪናችሁ ቀዳዳና የምትጠቀሙበት ጣቢያ ገመድ ራስ። አዳፕተሩን ከካርቶኑ አስወጥታችሁ አንዱን ጫፍ ከአንዱ ፎቶ ጋር አስተያዩ። ከተቻለ መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቁሙና ሳትከፍሉ ሞክሩት። ሻጩ ካኮረፈ ሌላ ሱቅ አለ።

ቀጥሎ ቁጥሩን አንብቡ። አዳፕተሩ አካል ላይ የተቀረጸ ወይም የተለጠፈ ቮልትና አምፒር መኖር አለበት። ለኤሲ 32 አምፒር የሚችለውን ውሰዱ። 220 ቮልት በ32 አምፒር ወደ 7 ኪሎዋት ነው። በ16 አምፒር ግማሹ፣ 3.5 ኪሎዋት ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የኔ መኪና ባትሪ 77 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ7 ኪሎዋት ባዶውን ለመሙላት 11 ሰዓት ይፈጃል፤ በ3.5 ኪሎዋት ደግሞ አንድ ቀንና ሌሊት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ለዲሲ ደግሞ 1000 ቮልትና 200 ወይም 250 አምፒር የሚል ታያላችሁ። 400 ቮልት አካባቢ ለሚሠራ መኪና 250 አምፒር ማለት ወደ 100 ኪሎዋት ነው። ከተማ ውስጥ ከዚያ በላይ ማሳደድ ለአብዛኞቻችን ትርጉም የለውም።

ባለሦስት ፌዝ ወይም 22 ኪሎዋት የሚለውን ማስታወቂያም ቀስ ብላችሁ እዩት። በኤሲ የሚወስነው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። ለቻይና የተሠሩት መኪኖች አብዛኞቹ በኤሲ 7 ኪሎዋት አካባቢ ነው የሚቀበሉት። 22 ኪሎዋት ጣቢያ ላይ ብትሰኩትም ከዚያ አይበልጥም። አይጎዳውም፣ ግን ለማይጠቅማችሁ ነገር አትክፈሉ።

የራሴን አስተያየት ልንገራችሁ። ለኤሲ አዳፕተር ከመግዛት ገመድ መግዛት ይሻላል። ብዙ የኤሲ ጣቢያ የራሱ ገመድ የለውም፤ የታይፕ 2 ሶኬት ብቻ ነው ያለው። አንድ ጫፉ ታይፕ 2፣ ሌላው ጂቢቲ የሆነ ገመድ ይሸጣል። መጋጠሚያ በቀነሰ ቁጥር የሚሞቅ ቦታ ይቀንሳል። አዳፕተሩ የሚያስፈልጋችሁ ገመዱ ከጣቢያው ጋር ተያይዞ የመጣ እንደሆነ ነው።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። አዳፕተር ላይ አዳፕተር አትቀጥሉ። የኤሲ አዳፕተርም ዲሲ ላይ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ «እንደምንም ይገባል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሽሹ።

ጣቢያው ላይ

አሁን ዕቃው በእጃችሁ ነው። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ጣቢያው ደውሉና በአዳፕተር ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ባለቤት አንድ መኪና በአዳፕተር ተቃጥሎበት ስለሚያውቅ አይፈቅድም፤ አልፈርድበትም። ክፍያው በምን እንደሆነም ጠይቁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ በከፈተው ጣቢያ ለምሳሌ በቴሌብር ነው የሚከፈለው። ሌላው ካርድ ወይም የራሱ መተግበሪያ ሊኖረው ይችላል።

1. መኪናውን አቁሙ፣ ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ቀዳዳውንና የአዳፕተሩን ሁለት ጫፎች በዓይን እዩ። አቧራ ካለ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ እግር ካያችሁ እዚያው ተዉት።

2. የዲሲ አዳፕተር ከሆነ መጀመሪያ አብሩትና መብራቱን እዩ። የአብዛኞቹ ቅደም ተከተል የገመዱን ራስ ከአዳፕተሩ ማገናኘት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ መኪናው ማስገባት ነው። የተለየ የሚፈልግ ሞዴልም ስላለ ከዕቃው ጋር የመጣችውን ወረቀት አትጣሏት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስክትሰሙ ግፉ። ድምፁ ከሌለ አልተቆለፈም።

3. ከመጀመራችሁ በፊት ክብደቱን አስቡ። የዲሲ ገመድ ከባድ ነው፤ አዳፕተሩ ሲጨመር ደግሞ ከመኪናው ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎትተዋል። ገመዱን አጠፍ አድርጋችሁ ክብደቱ መሬት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ መጋጠሚያው ራሱ ግን መሬት አይንካ።

4. በካርዱ ወይም በስልኩ አስጀምሩና እጃችሁን ሰብስቡ። ጣቢያው መጀመሪያ መስመሩ ላይ የኤሌክትሪክ መፍሰስ እንደሌለ ይፈትሻል። ቀጭ ቀጭ የሚል የሪሌ ድምፅ ትሰማላችሁ። አንድ ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ገመዱን የሚነካካ ሰው ነው አብዛኛውን ጊዜ «አልሠራም» የሚለው።

5. መጀመሩን የምታረጋግጡት በመኪናው ስክሪን ነው። ጣቢያው ላይ የሚሽከረከር ምልክት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የኪሎዋቱ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ሲረጋ ካያችሁ ጥሩ ነው።

6. አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ አዳፕተሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ ማሳረፍ እስከማያስችል ድረስ ከሞቀ፣ ወይም ፕላስቲክ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ በስክሪኑ አስቁሙት።

7. ስትጨርሱ መጀመሪያ በመተግበሪያው ወይም በስክሪኑ አቁሙ። አምፒሩ ዜሮ መግባቱን እዩ። ከዚያ መኪናውን ክፈቱና ንቀሉ። ዲሲ እየፈሰሰ መንቀል በጣም አደገኛ ነው። የመኪናው ቀዳዳ መቆለፊያ የሚከለክለው ለዚህ ነው፤ ርካሽ አዳፕተር ላይ ግን መቆለፊያው የሚይዘው አዳፕተሩን እንጂ የገመዱን ራስ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ልጆች እንዳይጎትቱት ተጠንቀቁ።

ወረፋ ካለ 80 በመቶ ላይ ልቀቁ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ከ80 በላይ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ጊዜ ትበላለች። በተለይ በአዳፕተር የሌላውን ዓይነት ቻርጀር የያዛችሁ ከሆነ፣ አማራጭ የሌለው የራይድ ሾፌር ከኋላችሁ ቆሞ ሰዓቱን እየቆጠረ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ። ቻርጀሩም መኪናውም ዝናብ እንዲችሉ ሆነው ተሠርተዋል፤ በመካከላቸው የገባው አዳፕተር ግን ሁልጊዜ እንደነሱ አይደለም። ሐምሌ ላይ ጣራ የሌለው ጣቢያ ከሆነ ይቅርባችሁ። ጠብታ ያለበትን ጫፍ አራግፉት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ እርጥቡን አትሰኩ።

አልጀምር ካለ

ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። አስቁሙት፣ ሁሉንም ንቀሉ፣ አዳፕተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የማይግባቡ አስተርጓሚዎች ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። እዚያው ጣቢያ ሌላ ማሽን ካለም እሱን ሞክሩ።

በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ማሽን ላይ ብቻ እምቢ ካለ የአዳፕተሩ ሶፍትዌር አርጅቶ ይሆናል። ደህና የሚባሉት ዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው፤ አምራቹ አዲስ ፋይል ያወጣል፣ በፍላሽ ይጫናል። ስትገዙ «አፕዴት ይደረጋል ወይ? ፋይሉን የሚሰጠኝ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሻጭ ከስድስት ወር በኋላም መልስ አይኖረውም።

የመኪናው የ12 ቮልት ባትሪ ደክሞም ቻርጅ አልጀምር ሊል ይችላል። ስክሪኑ ሲንቀጠቀጥ ወይም በሩ ሲያቅማማ ካያችሁ አዳፕተሩን አትውቀሱት።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ አለ፤ መብራት ይሄዳል። በመሃል ሲጠፋ አንዳንዴ ገመዱ ተቆልፎ ይቀራል። ተረጋጉ፣ መኪናውን ቆልፋችሁ ክፈቱ። ብዙ መኪኖች በእጅ የሚጎተት ማስለቀቂያ አላቸው፤ የት እንደተደበቀ ከወዲሁ ማንዋሉ ላይ ፈልጉት። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ከኋላ ክላክስ እየተደረገባችሁ የምትፈልጉት ነገር አይደለም።

ውጭ ላላችሁ

አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ብዙም አትቸገሩም። እዚያ መኪናውም ጣቢያውም በአብዛኛው ታይፕ 2 እና ሲሲኤስ 2 ነው። አሜሪካ ግን ከእኛው ጋር የሚመሳሰል ጣጣ አለ። ቴስላ የራሱን ቀዳዳ ለሌሎች የከፈተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው። ፎርድ በ2023 ተስማማ፤ ከየካቲት 2024 መጨረሻ ጀምሮም የፎርድ መኪኖች ሱፐርቻርጀር በሚባለው የቴስላ ፈጣን ጣቢያ ላይ በአዳፕተር መሰካት ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ።

እዚያ ለምትኖሩ ሦስት ነገር ልበል። የቴስላ ያልሆነ መኪና የሚሠራው ቪ3 እና ቪ4 የሚባሉት ማሽኖች ላይ ነው፤ አሮጌው ቪ2 አይቀበልም። ቤትና ሆቴል ላሉት የቴስላ ኤሲ ቻርጀሮች የሚሸጠው ትንሹ አዳፕተር ሱፐርቻርጀር ላይ አይሠራም፤ መልካቸው ስለሚቀራረብ ሰው ያምታታቸዋል። የቪ3 ሱፐርቻርጀር ገመድ አጭር ስለሆነም አንዳንድ መኪና ሁለት ቦታ ይዞ ለመቆም ይገደዳል፤ ዳር ያለውን ምረጡ። ስትገዙ የመኪናችሁ አምራች የሚሰጠውን አስቀድሙ፤ ካልሆነም ዩኤል 2252 በሚባለው የአዳፕተር ደህንነት መመዘኛ የተፈተሸ መሆኑን እዩ።

አገር ቤት ላለ ዘመድ መኪና ለመላክ ያሰባችሁ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት ቀዳዳውን አስቡ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሲሲኤስ 1 መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ዲሲ በአዳፕተር ብቻ ነው የሚያገኘው። ቀዳዳው አምስት እግር ብቻ ስላለው ኤሲውም ያው ነው።

ግቢ ውስጥ መጋራት

ጣቢያ ሩቅ ነው፣ ወረፋ አለ። የአንዱ ጎረቤት የግድግዳ ቻርጀር ለሦስት መኪና ሊበቃ ይችላል። ገመዱ ጂቢቲ ከሆነና አንዱ ጎረቤት የአውሮፓ መኪና ካለው፣ ከጂቢቲ ወደ ታይፕ 2 የሚቀይር የኤሲ አዳፕተር ይበቃል።

ከአዳፕተሩ በፊት ግን ሽቦውን አስፈትሹ። 32 አምፒር ለሰዓታት ያለማቋረጥ የሚጎትት ነገር ከምድጃም ከምጣድም የተለየ ነው። ለብቻው የተዘረጋ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲያይ የሚያጠፋ መከላከያና እውነተኛ የመሬት ሽቦ ይኑረው። ኤሌክትሪሺያኑ «ኤርዝ ባይኖርም ይሠራል» ካለ፣ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ኤክስቴንሽንና ዲቫይደር በዚህ ጉዳይ ውስጥ የሉም።

ቆጣሪውም ልክ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። መኪናው በ7 እየሞላ ምጣዱ ሲጣድ፣ ከጎኑ ውሃ ማሞቂያ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሊጥ ምጣድ ላይ እንዳለ። ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ አምፒር መቀነሻ ካለ በመጋገሪያ ቀን 16 ላይ አውርዱት፣ ወይም መኪናውን ለሌሊት አቆዩት።

ሂሳቡን በግምት አታድርጉ። አብዛኞቹ የግድግዳ ቻርጀሮች ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጡ በስልክ ያሳያሉ። ያን ቁጥር መብራት ኃይል በሚያስከፍለው ታሪፍ አባዙት፤ ጥቂት ለኪሳራው ጨምሩ። ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ለባለ ቻርጀሩ ላኩ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ሙሉለት፤ ሰውዬው ሌሊት ጨለማ ውስጥ እንዳይነቃ።

የኔና የጎረቤቴ ነገር በዚሁ አለቀ። በስሕተት የገዛሁት የዲሲ አዳፕተር ለሱ ጂቢቲ መኪና ልክ ነበር፤ አሁን ሲሲኤስ 2 ጣቢያ ሲያገኝ በእሱ ይሰካል። እኔ ደግሞ በትንሿ የኤሲ አዳፕተር ከሱ ግድግዳ ቻርጅ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ብቻ አልሰካም። ባለቤቱ የምትጋግረው ቅዳሜ ነው።